ሲጋራ ለማቆም ለቆረጠ ሰው፦ ከመዘጋጃው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር

ባሕር ዳር ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የትና መቼ እንደሚያጨስ ቢጠየቅ ሳያስብ ይመልሳል፤ ጠዋት ቡና ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጫት ሲቀመጥ፣ ማታ ነፋስ ለመቀበል ጣና ዳር ሲወጣ። በቀን ስንት እንደሚያጨስ ሲጠየቅ ግን ያመነታል፤ ብዙውን ጊዜም ቁጥሩን ያሳንሳል። እኔም ለ11 ዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። አራት ጊዜ አቁሜ አራቱንም ጊዜ ከተመለስኩበት በኋላ በአምስተኛው ሙከራ ተላቀቅኩ፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም ያን ጊዜ አስተካክሎ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ዓመት ይተርፈኝ ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቼ የከሸፉት ቆራጥነት ስለጎደለኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላምንም። የሲጋራ ሱስ በሁለት ገመድ የሚያስር ነገር ነው፤ እኔ አንዱን ስፈታ ሌላው ይዞ ያስቀረኝ ነበር። አንደኛው ገመድ ኒኮቲን ነው። ጭሱ ከተሳበ በኋላ ኒኮቲን በ20 ሰኮንድ ገደማ አንጎል ላይ ይደርስና የእርካታ ስሜት ይፈጥራል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚወርድ አንጎል ሌላ ይጠይቃል። ሐራራ የምንለው ይህ ነው። ሁለተኛው ገመድ ልማድ ነው፤ ሰውነት ኒኮቲን ባይጎድለው እንኳ ሲኒው ሲቀርብ እጅ ወደ ኪስ ይገባል። ለመጀመሪያው መድኃኒት አለው፤ ለሁለተኛው የሚያዋጣው ዝግጅት ነው። ያለ ምንም እገዛ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳያጨሱ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ የባለሙያ ምክርና መድኃኒት ሲጣመሩ ግን ይህ ዕድል ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ እገዛ መሻት የድካም ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

አንደኛ፦ ለአንድ ሳምንት መመዝገብ

በዚህ ሳምንት ለማቆም አይሞክሩ። በኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ይያዙና እያንዳንዱን ሲጋራ ከመለኮስዎ በፊት ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮዎት ያለውን ሰውና በዚያ ሰዓት የተሰማዎትን ነገር በአንድ መስመር ይጻፉ። ከመለኮስ በፊት መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ከተጨሰ በኋላ የሚጻፍ ነገር ይረሳል፣ ይዘለላልም። ከሱቅ በደረቴ ሁለት ሁለት ፍሬ እየገዛ የሚያጨስ ሰው ባኮ ስለማይዝ ጥቂት የሚያጨስ ይመስለዋል። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ በቀን 8 እል ነበር፤ ደብተሩ 14 አለኝ። ከ14ቱ ውስጥ 9ኙ ደግሞ በሦስት ቦታዎች ብቻ የሚጨሱ ነበሩ፤ ጠዋት ከሥራ በፊት ቡና የምጠጣበት በረንዳ፣ ከሰዓት በኋላ የምቅምበት ቤትና ማታ ሐይቁ ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር። ይህን ሳይ ጠላቴ የት እንደሚቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኩ።

ደብተሩ ከሞላ በኋላ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ከእንቅልፍዎ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያውን ሲጋራ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይለኩሳሉ? በቀን ከ10 በላይ ያጨሳሉ? ለሁለቱም መልስዎ አዎ ከሆነ ሰውነትዎ በኒኮቲን በብርቱ ታስሯልና ያለ መድኃኒት ለመሞከር አይቸኩሉ። ለሁለቱም አይደለም ካሉ ደግሞ የእርስዎ ትልቁ ሥራ ልማዱ ላይ ነው። ጥቂት ስለማጨስ ምንም አልሆንም የሚለው ሐሳብ ግን ስሕተት ነው፤ በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ሰው ከተሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም ስጋት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይሸከማል።

ለገንዘቡም ስሌት ይሥሩ። በቀን 14 ፍሬ በዓመት 5,110 ፍሬ ይሆናል፤ ይህን በፍሬ ዋጋ ያባዙትና ውጤቱን ደብተሩ መጨረሻ ላይ ይጻፉት።

ሁለተኛ፦ ቀን መቁረጥ

ቀኑ ከምዝገባው ሳምንት በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ የራቀ ቀን ወኔን ያቀዘቅዛል። ሰርግ፣ የፈተና ሳምንት ወይም ጥምቀት የሚውልበትን ሰሞን አይምረጡ። ጾምን ተገን ማድረግ በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ መልካምም ነው። የኒኮቲን መጉደል የሚያመጣው ጭንቀት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በርትቶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ የሚረግብ በመሆኑ 55 ቀን ያለው ዐቢይ ጾም አስቸጋሪውን ጊዜ ሁሉ ይሸፍናል። ፍልሰታ ግን አጭር ናት፤ ፍስክ ሲሆን ልማዱ ገና ትኩስ ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ የሚውል ሙስሊም ወንድማችንም ሰውነቱ እንደሚችል በተግባር አይቷል፤ የሚቀረው ከኢፍጣር በኋላ ያለውን ሰዓት ማሸነፍ ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ስሕተት ልናገር። ሁለተኛው ሙከራዬ በዐቢይ ጾም ነበር፤ 55ቱንም ቀን ሳላጨስ ፈጸምኩ። ነገር ግን ያቆምኩት ለጾሙ እንጂ ለዘለቄታው አልነበረም፤ በልቤ ፋሲካ ስንት ቀን እንደቀረው እቆጥር ነበር፣ በዓሉ ዕለት ከዶሮው በኋላ ለኮስኩ። ጾምን መነሻ ያድርጉት፣ መድረሻ ግን አያድርጉት፤ ቀኑን ሲቆርጡ ከፍስክ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሳምንትም አብረው ያቅዱ።

በአንድ ጊዜ ማቆም ይሻላል ወይስ ቀስ በቀስ መቀነስ? እኔ በተቆረጠው ቀን ሙሉ በሙሉ ማቆምን እመክራለሁ። መቀነስ የሚመርጥ ሰው የዕለቱን ቁጥርና የመጨረሻውን ቀን በጽሑፍ ካልወሰነ መቀነሱ ማለቂያ የሌለው ይሆናል፤ ከዚህም ሌላ ቁጥሩ ሲያንስ እያንዳንዷን ሲጋራ በጥልቀት የመሳብ ዝንባሌ ስለሚመጣ የሚገባው ኒኮቲን የታሰበውን ያህል አይቀንስም።

ሦስተኛ፦ መድኃኒቱን ማዘጋጀት

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ኒኮቲን ሱስ ካስያዘኝ ለምን መልሼ እወስደዋለሁ? መልሱ፣ የሚገድለው በዋናነት ጭሱ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ያሉ ሲሆን ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው፤ በዚህ ላይ የኦክስጅንን ቦታ የሚይዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ኒኮቲን ያላቸው የፋርማሲ ማስቲካና ፕላስተር እነዚህን አይሰጡም፤ ኒኮቲኑንም የሚሰጡት በዝግታና በአነስተኛ መጠን ስለሆነ ሐራራውን ያበርዳሉ እንጂ የሲጋራውን ዓይነት ፈጣን እርካታ አይፈጥሩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ላይ ትንባሆ ለማቆም የደገፋቸው መድኃኒቶች አራት ናቸው፦ የኒኮቲን ምትኮች (እንደ ማስቲካውና ፕላስተሩ ያሉት)፣ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን። እነዚህ ሁሉ በየፋርማሲው አይገኙም፤ ስለዚህ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ፋርማሲዎችን ዞረው ይጠይቁ፣ ካገኙም ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር የሚበቃዎትን ይያዙ።

የኒኮቲን ማስቲካ በ2 እና በ4 ሚሊግራም ይሠራል። ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው 4 ሚሊግራሙን፣ ከዚያ በኋላ የሚያጨስ ሰው 2 ሚሊግራሙን ይጠቀማል። አኝኮ መዋጥ የሚባል ነገር እንደሌለው በደንብ ይያዙ። እኔ ማስቲካውን ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛሁበት ፋርማሲ ውስጥ የሸጠልኝ ሰው እንደ ማንኛውም ማስቲካ አኝከው አለኝ፤ እኔም በፍጥነት አኘክሁት። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ስቅታ ያዘኝ፣ ሆዴም ታወከ፤ አይረባም ብዬ ቀሪውን ወረወርኩት፤ በማግሥቱ ሲጋራ ገዛሁ። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ማስቲካውን ቀስ ብለው ጥቂት ጊዜ ያኝኩት፤ እንደ ሚጥሚጣ የመለብለብ ስሜት ሲጀምር ማኘክዎን ያቁሙና በጉንጭዎና በድድዎ መካከል ይያዙት፤ ኒኮቲኑ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ልብለባው ሲጠፋ፣ ማለትም ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ደግመው ጥቂት ያኝኩና በሌላኛው ጉንጭ ይያዙት። አንዱ ማስቲካ በዚህ ሁኔታ ለ30 ደቂቃ ያህል ያገለግላል። ቡና፣ ለስላሳና ጭማቂ አሲድ ስላላቸው ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ በመሆኑም ማስቲካውን ከመያዝዎ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎችና በያዙበት ጊዜ ከውሃ በቀር ምንም አይጠጡ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ ይወሰዳል፤ በቀን ከ24 ማለፍ የለበትም። ሐራራው እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ሰዓቱን ጠብቀው ይውሰዱ።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ደግሞ 21፣ 14 እና 7 ሚሊግራም አለው። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ሰው በ21 ጀምሮ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት በ14፣ ሁለት ሳምንት በ7 ያደርጋል። 10ና ከዚያ በታች የሚያጨስ በ14 ይጀምርና ከስድስት ሳምንት በኋላ ለሁለት ሳምንት ወደ 7 ይወርዳል። ጠዋት፣ ንጹሕና ደረቅ በሆነ፣ ፀጉር በሌለው ቆዳ ላይ፣ በክንድ የላይኛው ክፍል፣ በደረት ወይም በዳሌ ላይ ይለጠፋል፤ በየቀኑ ቦታው ይቀየራል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት ላብ ሊያላቅቀው ስለሚችል ገላዎን ታጥበው በደንብ ከደረቁ በኋላ ለጥፈው በመዳፍዎ ለ10 ሰኮንድ ይጫኑት። ሌሊት ቅዠት ካበዛብዎ ሲተኙ ያንሡት። ያነሡትን ወደ ውስጥ አጥፈው ልጅ ከማይደርስበት ይጣሉት፤ ያገለገለ ፕላስተር ውስጥም ልጅን የሚጎዳ ኒኮቲን ይቀራል። ለጿሚ ሰው ፕላስተሩ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በአፉ ምንም የማያስገባ ሰው ማስቲካ ሊይዝ አይችልም፣ ፕላስተሩ ግን በቆዳ በኩል ይሠራል። ጥርጣሬ ካለዎት የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን ጠይቀው ይረጋጉ።

ሁለቱን ማጣመር፣ ማለትም ፕላስተሩን ለቀኑ ሙሉ፣ ማስቲካውን ድንገት ለሚመጣ ሐራራ መጠቀም፣ አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት ይሰጣል። እኔን ያላቀቀኝ ይኸው ጥምረት ነው።

ቫረኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ኒኮቲን የሌላቸው እንክብሎች ናቸው፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳሉ፣ ማጨስ ከሚቆምበት ቀን አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብለውም ይጀመራሉ። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም፤ መጠጥ የሚያበዛ ወይም ጫት የሚቅም ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገር አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርብ ጊዜ የልብ ድካም የደረሰበት ወይም የልብ ምቱ የሚዛባ ሰው ምትኮቹንም ቢሆን ከሐኪም ጋር ሳይመካከር አይጀምር። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱ እንደገና መመዘን ሊያስፈልገው ይችላል። ለአእምሮ ሕመም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ማጨስ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ስለሚጨምር አስቀድሞ ለሐኪሙ ያሳውቅ። በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ መነሻ ያድርጉ፤ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለሌላ ሕመም ቢሄዱም እንኳ የማጨስዎን ነገር ያንሡ።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን እንደ መሸጋገሪያ የሚያስቡ አሉ። ሁለቱም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከሉ ናቸው፤ ሺሻ ደግሞ ራሱ የትንባሆ ጭስ ስለሆነ መሸጋገሪያ ሊሆን አይችልም።

አራተኛ፦ ቤቱንና ሰዉን ማዘጋጀት

ከቀኑ በፊት ባለው ማታ መተርኮሻውን፣ ላይተሩንና የቀሩትን ፍሬዎች ከቤት ያውጡ። ለክፉ ቀን ብሎ አንዲት ፍሬ ማስቀመጥ ክፉውን ቀን መጥራት ነው። ጋቢውን፣ ጃኬቱንና የትራስ ልብሱን ይጠቡ፤ ሽታው ብቻውን ሐራራ ይቀሰቅሳል።

ከዚያ ለሰዎች ይንገሩ። ለትዳር ጓደኛዎ ወይም ለቤተሰብዎ በመጀመሪያው ሳምንት ቁጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቀድመው ያስረዱ። ለሚያጨሱ ጓደኞችዎ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ፊቴ አታጭሱ፣ ብለምናችሁም አትስጡኝ። በዱቤ ለሚሰጥዎ ባለሱቅም ይንገሩ፤ እኔ ይህን ለመናገር አፍሬ ነበር፣ ስነግረው ግን ከደብተሩ ላይ ስሜን አውጥቶ ሰረዘና ጎበዝ ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሲጋራ ለመጠየቅ ፊት አጣሁ። ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው፤ የተጠቀሰው አዋጅ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮታቸውም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እርስዎ የሚመለሱት ወደ ብዙኃኑ ነው።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ጠዋት ከመኝታዎ እንደተነሡ ፕላስተሩን ይለጥፉ። የተለመደውን የጠዋት ቅደም ተከተል ይቀይሩ፤ ከቡና በፊት ያጨሱ ከነበረ መጀመሪያ ይታጠቡ፣ ይብሉ፣ ወደ ሥራ በሌላ መንገድ ይሂዱ። ከተማችን የብስክሌት ከተማ ናትና ብስክሌት ያለው በእነዚህ ቀናት በባጃጅ አይሂድ፤ እጁም እግሩም ሥራ ያገኛል። አፍ ደግሞ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። የጥርስ መፋቂያ እንጨት ያህል ለዚህ የተመቸ ነገር አላገኘሁም፤ በጣት ይያዛል፣ በአፍ ይቆያል፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከሚሸጡት እናቶች በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ቆሎም ጥሩ ነው።

ስለ ሐራራ ማወቅ የሚገባዎ ዋና ነገር የሚያልፍ መሆኑ ነው። ሲነሣ መጨረሻ የሌለው ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይወርዳል። እኔ ይህን ያመንኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሐይቁ ዳር ከቆየሁበት ወንበር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ደረቴ ጠበበ፣ ምራቄ ሞላ፣ እጄ ራሱ ኪሴን ይፈትሽ ጀመር። ሰዓቴን አየሁ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነች አንዲት ደንገል ታንኳ ወደ ዳር እየመጣች ነበርና ዓይኔን እሷ ላይ ተከልኩ፤ ቀዛፊው ረጅሙን መቅዘፊያ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ያገባል፣ እኔም ከእሱ ጋር በአፍንጫዬ እየሳብኩ በአፌ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። ታንኳዋ ዳር ሳትደርስ ደረቴ ተከፈተ። ሰዓቴን ደግሜ አየሁ፤ አራት ደቂቃ ነበር። ለ11 ዓመታት እየሸሸሁ ሲጋራ ስለኩስበት የኖርኩት ነገር አራት ደቂቃ መሆኑን ያን ማታ አወቅኩ።

ስለዚህ ሐራራው ሲነሣ ሰዓትዎን ይዩ፤ አምስት ደቂቃ ለማዘግየት ብቻ ይወስኑ። ቀዝቃዛ ውሃ በዝግታ ይጠጡ፣ አሥር ጊዜ በጥልቀት ይተንፍሱ፣ ካሉበት ቦታ ተነሥተው ይራመዱ፣ ማስቲካውን ይያዙ። ባለፈ ቁጥር ደብተሩ ላይ አንዲት ጭረት ያድርጉ።

ስድስተኛ፦ ቡና፣ ጫትና መጠጥ

ይህ ክፍል በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው ነው።

ከቡና ልጀምር። የትንባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት ይጠፋና ያው የለመዱት ሦስት ሲኒ ቡና በደም ውስጥ ብዙ ካፌይን ያስቀራል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውየውም ይህ ሁሉ ሲጋራ ባለማጨሱ የመጣ ይመስለውና ይመለሳል። ሦስተኛው ሙከራዬ የከሸፈው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። መፍትሔው ቡናን በግማሽ መቀነስ ነው፤ አቦሉን ይጠጡና ቶናና በረካውን ለሌሎች ይተዉ፣ ከሰዓት በኋላም አይጠጡ። ከቡናው ሥርዓት መሸሽ ግን አያስፈልግም፤ በረንዳውን ትተው ሰው ተሰብስቦ የማያጨስበት ቤት ውስጥ ይቀመጡ፣ ሲኒውን በለመዱት እጅ ሳይሆን በሌላው ይያዙ፣ በሥራ ላልተያዘው እጅ ቁርስ ይስጡት።

ስለ ጫት በግልጽ እናገራለሁ፤ እየቃሙ ሲጋራ ለማቆም መሞከር እጅግ አስቸጋሪ ነው። በመቃሚያ ቤት ከአንዱ ሲጋራ ሌላው ይለኮሳል፣ ክፍሉም በጭስ ስለሚታፈን ባያጨሱም ጭሱን ይስባሉ፤ በምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለራሱ የገባውን ቃል አያስታውስም። ከተቻለ ሁለቱን በአንድ ቀን ያቁሙ። ካልተቻለ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ከመቃሚያው ቤት ይራቁ፤ ያን ሰዓት ባዶ አይተዉት። እኔ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በእግር በመውጣት፣ በቀሪው ቀን ከዘመድ ጋር በመሥራት ሞላሁት። ጫት ሲቀር የሚመጣው ዱካክና ድካም ከሲጋራው መጉደል ጋር ሲደራረብ ጥቂት ቀን ያስተኛል፤ ይህ እንደሚሆን አውቀው ሥራ የሚቀልበትን ሳምንት ይምረጡ። ምርቃና ለመስበር ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ደግሞ መጠጡም አብሮ ስለሚቀንስ ሸክማቸው በአንድ በኩል ይቀላል።

መጠጥ ውሳኔን ያላላል። ለአንድ ወር ጠላም ቢሆን፣ ቢራም ቢሆን፣ አረቄም ቢሆን ባይቀምሱ ይሻላል። በየቀኑ አብዝተው ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ግን መጠጡን በአንዴ መቁረጥ ራሱ አደጋ ስላለው ከሐኪም ጋር ሆነው ይቀንሱ።

ሰባተኛ፦ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የሚመጡ ነገሮች

ሳል ይጨምር ይሆናል። አይደንግጡ፤ በጭስ የደነዘዙት የመተንፈሻ ቱቦ ፀጉሮች እንደገና ሥራ ጀምረው አክታውን ወደ ላይ እየገፉ ነው። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በተለይ ደም ካለው፣ ሌሊት ከሚያልብና ከሚያከሳ ነገር ጋር ከመጣ ግን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ፤ አጫሾች ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ሆድ ድርቀት ሲመጣ ውሃና ጎመን ያብዙ። ክብደት በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ከማጨስ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ኢምንት ነው፣ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ምግብ ለመቀነስ አይታገሉ። ስሜት መውረዱ ከአራት ሳምንት አልፎ ከቀጠለ ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

በሌላ በኩል ሰውነት ወዲያው መጠገን ይጀምራል። ከመጨረሻው ሲጋራ 20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምትና የደም ግፊት መውረድ ይጀምራሉ፤ ከሁለት እስከ 12 ሳምንት ውስጥ የደም ዝውውርና የሳንባ አቅም ይሻሻላል፤ በአንድ ዓመት ከማጨስ የመጣው የልብ ደም ሥር ሕመም ስጋት በግማሽ ይወርዳል፤ በ10 ዓመት በሳንባ ካንሰር የመሞት ስጋት ከአጫሹ ግማሽ ገደማ ይሆናል። እኔ በመጀመሪያ ያስተዋልኩት ግን ከእነዚህ አንዱን አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት የተጠበሰ ቆሮሶ ስበላ ሎሚውና ዓሣው ለየብቻቸው ጣሙኝ።

ስምንተኛ፦ ቢሳሳቱ

አንዲት ሲጋራ ካጨሱ ሁሉም ነገር ፈርሷል ብለው ባኮ አይግዙ። የያዙትን እዚያው ተርኩሰው ይጣሉ፣ ከቦታው ይሂዱ፣ ፕላስተሩ ካለብዎት ሳያነሡ ይቀጥሉ፣ በዚያው ቀንም ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ። ከዚያ ደብተሩን አውጥተው የት እንደነበሩ፣ ከማን ጋር እንደነበሩና ከዚያ በፊት ባለው ሰዓት ምን እንደሆነ ይጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ የተሠራው ሲጋራው ከመለኮሱ ሰዓታት በፊት፣ ወደዚያ ቦታ ለመሄድ በተወሰነ ጊዜ ነው። ሐኪምዎ ዘንድ ይመለሱና የመድኃኒቱ መጠን አንሶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ማስቲካውን በቀን ሦስት አራት ብቻ ወስደው አልሠራልኝም የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ዘጠነኛ፦ ከመድኃኒቱ መውጣት

ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ማስቲካውን በየሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ከአሥረኛው ሳምንት ጀምሮ በየአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያድርጉትና በ12ኛው ሳምንት ያቁሙ። ሐራራው እንደገና ከበረታ አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመልሰው ሁለት ሳምንት መቆየት ይችላሉ፤ ማስቲካውን ከታቀደው በላይ መጠቀም ወደ ሲጋራ ከመመለስ እጅግ ይሻላል። ካለቀ በኋላም ሁለት ሦስት ፍሬ ማስቲካ በኪስዎ ይያዙ፤ ለሰርግ፣ ለለቅሶ ቤትና ከሩቅ ለመጣ የጥንት የሲጋራ ጓደኛ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከያዝኳቸው አንዱን የተጠቀምኩት በጥምቀት ማግሥት ነው፤ የቀሩት ኪሴ ውስጥ ደርቀው ተጣሉ።